የሳባሪማላ ተራራ መቅደስና የተሳላሚዎቹ ሥርዐት

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ካስተማሩት የውጭ አገር መምህራን መካከል ብዙዎቹ ሕንዳውያን ነበሩ፤ ከእነርሱም ውስጥ ቍጥሩ ቀላል ያልሆነው ኬራላ ከተባለው የደቡብ ሕንድ አገር የመጣ ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በሐዋርያው በቶማስ ስም የሚጠሩ ክርስቲያኖች ነበሩ። ይሁን እንጂ በኬራላ ክርስቲያኑም ሆነ እስላሙ ሂንዱውም፥ ኅዳር በገባ ጊዜ ጥቁር ልብስ ለብሶ፥ ጢሙን አሳድጎ፥ በባዶ እግሩ የሚሄደውን ሰው ያየ እንደ ሆነ ወዴት እንደሚሄድ አይጠይቀውም። የሚሄደው ወደ ሳባሪማላ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሳባሪማላ ምዕራባዊ ጋትስ በተባለው የተራራ ሰንሰለት ውስጥ፥ ነብርና ዝሆን በሚኖርበት በፔሪያር ደን መካከል የሚገኝ ኮረብታ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 480 ሜትር ያህል ነው። «ማላ» በማላያላም ቋንቋ ተራራ ማለት ሲሆን፥ «ሳባሪ» ደግሞ በራማያና ታሪክ ውስጥ የምትነገር የአንዲት ባሕታዊት ሴት ስም ነው። በተራራው ላይ ያለው መቅደስ አያፓ ለተባለው አምላክ የተሠራ ነው። እንደ ሌሎቹ የሂንዱ መቅደሶች ዘወትር ክፍት አይደለም፤ ዋናው ወቅት ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ ድረስ ነው። ከዚያ ውጭ የሚከፈተው በማላያላም ወር መባቻ ለጥቂት ቀኖችና በአንዳንድ በዓላት ብቻ ነው።

አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል። ልጅ ያልነበረው የፓንዳላም ንጉሥ በፓምባ ወንዝ ዳር አደን ሲያድን አንገቱ ላይ ዕንቍ የታሰረለት ሕፃን አግኝቶ ወደ ቤተ መንግሥቱ ወሰደው። ኋላም ንግሥቲቱ የራሷን ልጅ በወለደች ጊዜ፥ በሚኒስትሩ ምክር ታምሜአለሁ ብላ ተኛችና መድኃኒቷ የነብር ወተት ብቻ ነው አስባለች። ልጁም ወደ ጫካ ሄዶ በነብር ተቀምጦ፥ ሌሎችም ነብሮች ተከትለውት ተመለሰ። ንጉሡ የልጁ ነገር ከሰው በላይ መሆኑን ዐወቀ። መቅደሱም ልጁ ያስፈነጠረው ቀስት በወደቀበት ኮረብታ ላይ ተሠራ ይባላል። የታሪክ ሰው ይህን እንደ ታሪክ ሊቀበለው አይችልም፤ ነገር ግን የፓንዳላም ቤተ ንግሥ ለመቅደሱ ባለቤት ነኝ ሲል የኖረው በዚህ ተረት ነውና ቸል ሊለውም አይገባም።

ለጕዞው የሚያስፈልገው ዝግጅት ከጕዞው ይልቅ ከባድ ነው። ተሳላሚው በልማድ 41 ቀን ሱባኤ ይይዛል። በመጀመሪያው ቀን ከሩድራክሻ ፍሬ ወይም ቱላሲ ከተባለው የበሶብላ ወገን እንጨት የተሠራ መቍጠሪያ በአንገቱ ያጠልቃል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሥጋና መጠጥ አይቀምስም፤ ከሚስቱ ጋራ አይተኛም፤ ጠጕሩን አይላጭም፤ በጠዋትና በማታ ይታጠባል። ልብሱ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ነው። ስሙም ይለወጣል። ባለጠጋ ቢሆን ድኻ፥ ዳኛ ቢሆን የቀን ሠራተኛ፥ ሁሉም «ስዋሚ» ማለትም ጌታ ተብሎ ይጠራል፤ እርሱም ሌላውን እንዲሁ ይጠራል። የጕዞው መሪ «ጉሩ ስዋሚ» ይባላል። ጉሩ መምህር ማለት ነው፤ ይህንንም ማዕርግ የሚያስገኘው ዘርና ሀብት ሳይሆን ለብዙ ዓመታት መመላለስ ነው።

በመነሻው ቀን ጉሩው የእያንዳንዱን ተሳላሚ ጓዝ ያስራል። ይህም ኢሩሙዲ የሚባለው፥ ሁለት ክፍል ያለው የጨርቅ ጥቅል ነው፤ የፊተኛው ክፍል ለአምላኩ የሚቀርበውን፥ የኋለኛው የመንገደኛውን ስንቅ ይይዛል። በፊተኛው ክፍል ውስጥ ያለው ዋና ነገር ኮኮናት ነው። ውሃው በዓይኑ በኩል ተንቈርቍሮ ከወጣ በኋላ ንጥር የላም ቅቤ ይሞላበትና ይደፈናል። በተራራው ላይ ኮኮናቱ ተሰብሮ ቅቤው በአምላኩ ምስል ላይ ይፈስሳል፤ ቅርፊቱም ወደ እሳት ይጣላል። ቅቤው ነፍስ፥ ቅርፊቱ ሥጋ ነው ብለው ይተረጕሙታል።

የጥንቱ መንገድ የሚጀምረው ኤሩሜሊ ከተባለች ከተማ ነው። በዚያም ተሳላሚዎቹ ቀለም ተቀብተው፥ የእንጨት መሣሪያ ይዘው፥ በከበሮ እየጨፈሩ መጀመሪያ የሚገቡት ወደ መስጊድ ነው። መስጊዱ በቫቫር ስም ይጠራል። ቫቫር የአያፓ ወዳጅ የሆነ እስላም ሲሆን፥ አንዳንዱ ትውፊት በአያፓ ከተሸነፈ በኋላ ወዳጁ የሆነ የባሕር ወንበዴ ነበር ይላል። በተራራውም ላይ በሂንዱው መቅደስ አጠገብ የቫቫር ስፍራ አለ፤ አገልጋዩ እስላም ነው፥ መባውም ቍንዶ በርበሬ ነው። ከኤሩሜሊ በደን ውስጥ የሚያልፈው የእግር መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፥ የካሪማላ አቀበት ከሁሉ ይከብዳል። አሁን አብዛኛው ሰው በመኪና እስከ ፓምባ ወንዝ ደርሶ፥ ታጥቦ፥ የቀረውን 5 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ይወጣል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው የእንጨት ቀስት ይዞ በመንገድ ዳር ባለ አንድ ስፍራ ይተክላል። ምክንያቱም ማሊካፑራም የተባለች አምላክ አያፓን ልታገባው በጠየቀችው ጊዜ፥ አዲስ ተሳላሚ ያልመጣበት ዓመት ሲገኝ አገባሻለሁ ብሎ መለሰላት ይባላል። ስለዚህ በየዓመቱ በበዓሉ ጊዜ ምስሏ በሰልፍ እስከዚያ ስፍራ ትሄዳለች፤ የተተከለውን ቀስት አይታም ትመለሳለች። በሄደች ጊዜ ከበሮ ይመታል፤ በምትመለስበት ጊዜ ግን ዝምታ ነው።

ወደ መቅደሱ የሚያስገቡት 18 ደረጃዎች ናቸው። ኢሩሙዲ በራሱ ላይ ያልተሸከመ ሰው በእነርሱ ሊወጣ አይችልም፤ በሌላ በር ይገባል። ከዚህ ሥርዐት ነፃ የሆነው የፓንዳላም ንጉሣዊ ቤተ ሰብ ነው። በመቅደሱ ፊት በሳንስክሪት «ያ አንተ ነህ» የሚል ቃል ተጽፎአል፤ ተሳላሚውና አምላኩ በአንድ ስም መጠራታቸው ትርጕሙ ይኸው ነው።

የፓንዳላም ግዛት በ1820 ወደ ትራቫንኮር መንግሥት በተጠቃለለ ጊዜ መቅደሱም አብሮ ተላለፈ። በኅዳር 1936 የትራቫንኮር ማሃራጃ ባወጣው ዐዋጅ የመንግሥቱ መቅደሶች ዝቅተኛ ናቸው ለተባሉ ሂንዱዎች ሁሉ ተከፈቱ። በ1950 መቅደሱ ተቃጥሎ፥ ምስሉም ተሰብሮ ተገኘ። የፖሊስ ምርመራ እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኰሰ መሆኑን ቢያረጋግጥም፥ ዘገባው ለሕዝብ የተገለጠው በ1957 ነው። ጥፋቱን ፈጸሙ የሚባሉት ግን በሃይማኖት ወገን መጥፎ ጥርጣሬን ትተው አለፉ። መቅደሱ ወዲያው ተሠርቶ በ1951 አዲስ ምስል ተተከለለት፤ የተሳላሚውም ብዛት ከኬራላ አልፎ ከታሚል ናዱ፥ ከካርናታካና ከአንድራ እየጨመረ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዛቱ አደጋ አመጣ። በጥር 14 ቀን፥ ፀሐይ በጠለቀች ጊዜ፥ በማዶ ካለው ኮረብታ ላይ ሦስት ጊዜ የሚታየውን ብርሃን ለማየት የሚሰበሰበው ሕዝብ ወሰን የለውም። በ1999 በፓምባ አጠገብ ከ50 በላይ ሰዎች፥ በ2011 ደግሞ ፑሉሜዱ በተባለ ስፍራ ከ100 በላይ ሰዎች ተረጋግጠው ሞቱ። ከሁለተኛው አደጋ በኋላ ነገሩ በፍርድ ቤት ሲመረመር፥ የመቅደሱ አስተዳደር ብርሃኑ በሰው እጅ የሚለኰስ መሆኑን አመነ። ቀድሞ በደኑ የሚኖሩ ሰዎች የሚፈጽሙት የመብራት ሥርዐት ቅርስ ነው። ብዙ ተሳላሚዎች ይህን ካወቁ በኋላም መምጣታቸውን አልተዉም፤ ይህም ሊያስደንቅ አይገባም፥ የመጡት ለብርሃኑ ብቻ አልነበረምና።

ሁሉን እኩል ያደርጋል የሚባለው ይህ ተራራ ግን ከ10 እስከ 50 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ሴቶች አያስወጣም። ምክንያቱም አያፓ በዚህ ስፍራ በድንግልና የሚኖር ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው። በ1816 እና በ1820 መካከል ትራቫንኮርን የለኩ ሁለት የእንግሊዝ መኰንኖች ይህን ክልከላ መዝግበውታልና ልማዱ አዲስ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሁልጊዜ ተጠብቆአል ማለትም አይቻልም፤ እናቶች ልጆቻቸውን የመጀመሪያውን እህል ለማቅመስ ይወጡ እንደ ነበረ በ1991 በኬራላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተነግሮአል። ያ ፍርድ ቤት ክልከላውን አጸና። በመስከረም 2018 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ4 ድምፅ ለ1 ሻረው። ብቻዋን የተቃወመችው ዳኛ ከአምስቱ መካከል የነበረችው አንዲት ሴት፥ ኢንዱ ማልሆትራ፥ ነበረች፤ የሃይማኖትን ሥርዐት በአእምሮ ሚዛን መመዘን የፍርድ ቤት ሥራ አይደለም የሚል ነበር ክርክሯ። አገሩ በሰልፍና በጠብ ታወከ። ጥር 1 ቀን 2019 ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ከኬራላ ጫፍ እስከ ጫፍ ቆሙ፤ በማግስቱ ከንጋት በፊት ሁለት ሴቶች በፖሊስ ተጠብቀው ወደ መቅደሱ ገቡ። ካህኑም መቅደሱን ዘግቶ የማንጻት ሥርዐት ፈጸመ። በኅዳር 2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለሰፋ ችሎት አስተላለፈው። የቆየ ልማድና የሁሉ እኩልነት አንድ ተራራ ላይ ሲገናኙ ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት ያንኑ የአያፓን ስም ነው።

ወቅቱ ሲያበቃ፥ በጥር 20 ቀን ገደማ፥ የመጨረሻው ስግደት የፓንዳላም ቤተ ንግሥ ወኪል ነው። ሌላ ሰው በዚያ ሰዓት አይገባም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ካህኑ ቍልፉን ለወኪሉ ያስረክባል። ወኪሉም ቍልፉን ለሚመጣው ዓመት ሥርዐት ማስፈጸሚያ ከሚሆን የገንዘብ ከረጢት ጋራ ለአስተዳደሩ ሹም መልሶ ይሰጣል፤ ቤተ ንግሡ ተራራውን ካስረከበ ሁለት መቶ ዓመት ቢያልፈውም፥ በየዓመቱ ለአንዲት ደቂቃ ያህል ባለቤት ሆኖ ከደረጃው ይወርዳል።