የሐኪም ቃልና የትምባሆ ልማድ፦ ከለንደን እስከ ጎባ

የሕክምና ሙያ የትምባሆን ጉዳት አምኖ የተቀበለው ዘግይቶ ነው። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1951 በ40,000 ያህል የብሪታንያ ሐኪሞች ላይ ጥናት ሲጀምሩ፣ ከተጠኚዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው አጫሾች ነበሩ። ማጨስ ለሳንባ ካንሰር እንደሚዳርግ ያጠናከረውም ማስረጃ የተገኘው ከእነዚሁ ሐኪሞች ሕይወትና ሞት ነው።

ጉዳቱ ከታወቀ በኋላ የቀረው ጥያቄ የሐኪም ምክር ይረዳል ወይ የሚለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በማይክል ራስል የተመራው የለንደን ጥናት መልስ ሰጠ። አጭር ምክርና በራሪ ጽሑፍ አግኝተው ክትትል እንደሚደረግባቸው ከተነገራቸው አጫሾች 5.1 ከመቶው ዓመቱን ሙሉ ሲታቀቡ፣ ምንም ካልተደረገላቸው የታቀቡት 0.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ምክሩ የጠየቀው የአንድ ወይም የሁለት ደቂቃ ጊዜ ነበር።

በኢትዮጵያ ትምባሆን አስቀድሞ ያወገዙት ሃይማኖትና ቤተ መንግሥት ናቸው፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በጥብቅ ከልክለውት ነበር። በ20ኛው ምዕተ ዓመት ግን መንግሥት ራሱ ሲጋራ አምራች ሆነ። የባሌ ተራሮች መታወቂያ የሆነው የደጋ አጋዘን ስም፣ «ኒያላ»፣ የሲጋራ ስም ሆኖ ገበያ ወጣ። አገሪቱ የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነትን በ1996 ዓ.ም. ፈርማ በ2006 ዓ.ም. አጸደቀች። አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም በሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ውስጥ ማጨስን ከለከለ።

ሕግ ሲጋራን ከሆስፒታል ክፍል ያስወጣል፤ ሱሱን ከታካሚው አያወጣም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት የትምባሆ ተጠቃሚዎች ከአዋቂዎች 5 ከመቶ ነበሩ። አጫሹ ጥቂት በሆነበት አገር ደግሞ ሐኪም ሳይጠይቅ ማለፉ ይቀልለዋል።

ዛሬ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት የጎባ ሆስፒታል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። አየሩ በሳሳበት በዚህ ደጋ፣ የሲጋራ ጢስ የያዘው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደም የሚሸከመውን ኦክስጅን ይበልጥ ይቀንሳል። ሳንባው ታምሞ ወይም ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የተኛ ሰውም ምክር ለመስማት ከወትሮው ይልቅ ዝግጁ ነው። ይሁን እንጂ በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች እንዳረጋገጡት፣ በሆስፒታል የተጀመረ ምክር ፍሬ የሚሰጠው ታካሚው ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ወር ሲቀጥል ነው። ወደ ሲናና ወይም ወደ ዲንሾ ለሚመለስ ታካሚ ይህ ማለት ጉዳዩ በመውጫ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ፣ በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ወይም የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ክትትሉን ሲረከብ ነው። ይህ ካልሆነ የሐኪሙ ቃል ከሆስፒታሉ በር አያልፍም።