የሰሊጥ ወቅትና የብድር ወቅት፦ አነስተኛ ንግድና ድህነት በመተማ ቆላ

ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ሻይ ቤቶች፣ ምግብ ቤቶች፣ ልብስ ሰፊዎችና ጉልቶች ኑሯቸው በአመዛኙ የታሰረው ከሰሊጥ ጋር ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ፍሬው ስለሚረግፍ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መታጨድ አለበት። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ምግብ፣ ማደሪያና ልብስ ይሻል፤ ሥራው ሲያልቅ ግን ገበያው አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ የአንዲት እንጀራ ሻጭ ድህነት በዓመት ገቢዋ መጠን ብቻ አይለካም። ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ያሉትን ወራት መነሻ ካፒታሏን ሳትበላ መሻገር መቻሏ ይበልጥ ወሳኝ ነው።

አገሪቱ በ1990 ዓ.ም. ያወጣችውና በ2003 ዓ.ም. ያሻሻለችው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ ብድርን ከዋና መሣሪያዎቹ አንዱ አድርጎታል። በአማራ ክልል ይህን ሸክም ለረጅም ዓመታት የተሸከመው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ)፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ ነው። ብድሩ ለብዙ ቤተሰብ በር መክፈቱ አይካድም። ሆኖም የኢኮኖሚ ተመራማሪው አሌሳንድሮ ታሮዚና ባልደረቦቹ በአማራና በኦሮሚያ ገጠር ቀበሌዎች ያካሄዱት፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ተበዳሪው በእጅጉ ቢጨምርም በኑሮ ደረጃ ላይ የታየው ለውጥ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። በእኔ አመለካከት ይህ ብድርን የሚያስጥል ሳይሆን የብድሩን ጊዜ እንድንመረምር የሚያስገድድ ውጤት ነው።

ኬንያ ውስጥ በተመራማሪዎቹ በበርክ፣ በበርግኲስትና በሚጌል የተጠና ሙከራ እዚህ ላይ ይረዳናል። በአጨዳ ወቅት ብድር ያገኙ የበቆሎ ገበሬዎች ምርታቸውን አቆይተው በተሻለ ዋጋ ሸጡ። የመተማ ገበሬም ዕዳ ሲያጣድፈው ሰሊጡን በወረደ ዋጋ ይሸጣል፤ ከእሱ ጋር የሚገበያየው ቸርቻሪም አብሮ ይጎዳል።

በዚህ ላይ የሱዳን ድንበር አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲጀመር ከመተማ ማዶ ባለችው በጋላባት በኩል የሚደረገው ንግድ ተናጋ፤ ስደተኞችም በመተማ ገቡ። የክልሉ የጸጥታ ችግር ደግሞ የሠራተኛውንም የሸቀጡንም ጉዞ አደናቀፈ። እንዲህ ያለ ድንጋጤ ሲመጣ የአነስተኛ ነጋዴ የብድር ክፍያ ብዙውን ጊዜ አይራዘምለትም፤ ስለዚህ የመጀመሪያ እርምጃው ዕቃውን በኪሳራ መሸጥ ይሆናል።

ስለሆነም ለዚህ ቆላ የሚሰጥ ብድር የክፍያ ጊዜው ከጥቅምትና ከኅዳር ገበያ ጋር ይግጠም። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን የገባ ሰሊጥ ደረሰኝም ለትንሹ ገበሬ የብድር ዋስትና ሆኖ በተግባር ይዋል።