የጊቤ ምድር ካርታዎች፦ ጥራት በውበት አይለካም

ካርታ ጥሩ ነው የሚባለው ምን ሲያሟላ ነው? ጥያቄው በዚህ ዘመን ከማይጠበቅ አቅጣጫ መጥቷል። ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን በመሰሉ፣ ተጫዋቹ የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ በሚሳተፍባቸው የጠረጴዛ ጨዋታዎች፣ ጀብዱው ከነካርታው በመጽሐፍ ታትሞ ይሸጣል። ጨዋታው ከጠረጴዛ ወደ ኮምፒውተር ሲሸጋገር የብዙዎቹ ካርታዎች ጉድለት ገሃድ ወጣ። ቀለማቸው ያምራል፤ ካሬዎቻቸው ግን ከስክሪኑ ካሬ ጋር አይገጥሙም። የጨዋታው መሪ ብቻ ሊያውቀው የሚገባ ምስጢራዊ በርም ለተጫዋቹ ጭምር ተሥሎ ይታያል። ይህ ጉድለት ከጨዋታው ጋር የተወለደ አይደለም። የጅማና የዙሪያዋ የጊቤ ምድር በካርታ ላይ የተሣሉበትን ታሪክ የተከተለ ሰው፣ የካርታ ጥራት በሥዕሉ ውበትም ሆነ በመሣሪያው ረቂቅነት ብቻ እንደማይለካ ይረዳል። ጥሩ ካርታ የተለካውን ከተገመተው ለይቶ ያሳያል፤ ለሚጠቀምበትም ሰው ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

ከጥንቱ እንጀምር፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1683 የኢትዮጵያን ካርታ ሲያሳትም የአገሪቱን አፈር ረግጦ አያውቅም ነበር። የተደገፈው በሁለት ምንጮች ነው። አንደኛው ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ያጠናቀሩት መረጃ ሲሆን፣ ከእነሱ አንዱ አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ በ1613 በጊቤ ምድር ያለችውን እናርያን አቋርጦ አልፏል። ሁለተኛው በ1649 ሮም ላይ የተዋወቃቸው፣ በ1652ም እስከ ጀርመኗ ከተማ ጎታ ድረስ የመጡት የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 መርከብ ሰጥሞባቸው ስለሞቱ ካርታውን ታትሞ አላዩትም። ሥራው ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ የአገር ስሞችን ከአገር ሰው አንደበት መቀበሉ ከቀደሙት ብዙ ካርታዎች አስበልጦታል። ነገር ግን በዓይን የታየው፣ በጆሮ የተሰማውና በግምት የተሞላው በአንድ ዓይነት መስመር ስለተሣሉ፣ ለአንባቢው ሁሉም እኩል የታመኑ ይመስላሉ።

ይህ ጉድለት ምን ያህል እንደሚያሳስት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በግልጽ ታየ። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1838 ምጽዋ ከደረሰ በኋላ ወደ አሥር ዓመት ገደማ በኢትዮጵያ ቆይቶ፣ ከተራራ ወደ ተራራ የማዕዘን መለኪያውን እያነጣጠረ የቦታዎችን አቀማመጥ ሲያሰላ ኖረ። በ1843 ወደ ሊሙ እናርያ ተሻግሮ በንጉሡ በአባ ባጊቦ አገር ተቀመጠ፤ ከካፋ ንጉሥ ቤት ሙሽራ ሊያመጣ ከተላከው ጓድ ጋርም እስከ ቦንጋ ዘለቀ። የልኬቱ ውጤት ከ1860 እስከ 1873 ባሉት ዓመታት ታተመ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ግን በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ ዳባዲ ካፋን አላየም ብሎ ሞገተ። ቤክ ራሱ ወደ ደቡብ አልተሻገረም፤ ጎጃም ውስጥ በባሶ ገበያ ከእናርያ መንገድ የሚመላለሱትን ሲራራ ነጋዴዎች እየጠየቀ ነበር መረጃውን የሰበሰበው። በኋላ የመጡ ተጓዦች በአቀማመጥ ልኬት ዳባዲ ሊታመን የሚገባው ሰው መሆኑን አረጋገጡለት።

ይሁን እንጂ በልኬት የታመነው ይኸው ሰው በትልቁ ጉዳይ ተሳሳተ። በ1846 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር የጊቤ ምንጭ ላይ ቆሞ የፈረንሳይን ባንዲራ ተከለ፤ የነጭ አባይን እውነተኛ ምንጭ እንዳገኘም ለዓለም አስታወቀ። ጊቤ ግን ከኦሞ ጋር ተዋህዶ ወደ ደቡብ ይወርዳል እንጂ ለአባይ አይገብርም። ኦሞ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ የጣሊያናዊው አሳሽ የቦቴጎ ጓድ ያረጋገጠው በ1896 ነው። ዳባዲ የለካቸው ነጥቦች ልክ ነበሩ፤ ስሕተቱ ዓይኑ ባልደረሰበት ምድር ነጥቦቹን ባገናኘው መስመር ላይ ነበር። የተለካው በአንድ ምልክት፣ የተገመተው በሌላ ምልክት ተለይቶ ቢቀርብ ኖሮ፣ አንባቢው ክርክሩ የት ላይ እንደሆነ ራሱ ባየ ነበር። መሣሪያ የግምትን ክፍተት እንደማይሞላ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ለተጠቃሚው ይመች የሚለውን መመዘኛ ደግሞ የጅማ አባ ጅፋር መንግሥት ራሱ ያብራራል። የአንትሮፖሎጂ ምሁሩ ኸርበርት ሉዊስ በ1965 ባሳተመው ጥናት እንደተገለጸው፣ የመንግሥቱ ዳርቻ ቀጭን መስመር አልነበረም። ከጎረቤት መንግሥታት የሚለየው ሞጋ የሚባል፣ ሰው የማይሰፍርበት መሬት ነበረ። ዳርቻው በቦይ የታጠረ ሲሆን፣ የሚታለፈውም ጠባቂ ባለበት የኬላ በር ብቻ ነበር። ጭነቱን ይዞ ወደ ሄርማታ ገበያ ለሚያመራ ሲራራ ነጋዴ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ኬላው የቱ ጋ እንደሆነና የገበያው ቀን መቼ እንደሆነ ማወቅ ነበር። ወሰኑን በሚያምር ቀይ መስመር የሚያሰምር፣ ኬላውን ግን የሚተው ካርታ ለአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ቢበቃም ለነጋዴው ከንቱ ነው።

«ለጨዋታ የሚሆን ካርታ ውበት ይበቃዋል፤ ትክክለኛነት ምን ያደርግለታል?» የሚል ይኖራል። የጨዋታ ካርታ ታሪክ ግን በተቃራኒው ይመሰክራል። በፕሩሲያ አባትየው ፎን ራይስቪትዝ በ1812 ለንጉሡ ያቀረበው የጦር ጨዋታ ተገጣጣሚ የመሬት ቁርጥራጮች ያሉት፣ ለዓይን የሚያምር ጠረጴዛ ነበር፤ የቤተ መንግሥት ጌጥም ሆኖ ቀረ። መኮንኑ ልጁ በ1824 ያን ትቶ በ1፡8,000 መስፈርት የተሠራ እውነተኛ የመሬት ካርታ አቀረበ። ሁሉን የሚያይ ዳኛ አስቀመጠ፤ ለተጫዋቾቹም ሊያውቁት የሚገባቸው ብቻ ይነገራቸው ነበር። በመኮንኖች ዘንድ የተስፋፋው ይኸኛው ነው። በ1974 የታተመው ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ከዚያው የጦር ጨዋታ ባህል የበቀለ ነው። ስለዚህ ዛሬ በስክሪን የሚጫወቱ ሰዎች ለመሪው አንድ፣ ለተጫዋቹ ሌላ ካርታ ይሰጠን፣ መስፈርቱም ይጠበቅ ሲሉ አዲስ ነገር አልጠየቁም። ጨዋታው ሲጀመር የነበረው ሕግ ይመለስ ማለታቸው ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከሌላ በኩል ይመጣል፦ ካርታ የገዢ መሣሪያ ነው፤ ዳባዲ ባንዲራ ተከለ፣ ጣሊያንም ከ1936 እስከ 1941 ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ ሲያደርጋት ካርታ ይዞ ነበር፤ ታዲያ እንዲህ ያለ ውርስ ለምን ይመሰገናል? ክሱ እውነት አለው። ሆኖም ገዢ ያሠራው ካርታ መስፈርቱና ምንጩ እስከታወቀ ድረስ የተገዢው ልጅ ሊፈትሸው፣ ሊያርመውና ለራሱ ሊያውለው ይችላል። የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሥራ ተልእኮ ከ1963 እስከ 1971 አገሪቱን ከአየር ፎቶግራፍ አንሥቶ ለካ። ከዚህ መሠረት ተነሥተው የተዘጋጁት የ1፡50,000 ካርታዎች፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ሜትር መሆኑን በግልጽ ስለሚናገሩ፣ ለመንገድ መሐንዲስም ለጂኦግራፊ መምህርም አገልግለዋል።

«አሁን ሳተላይት አለ፤ ጉዳዩ አብቅቷል» ማለትም ችኮላ ነው። ሳተላይት የጣሪያውን ቆርቆሮ ይቆጥራል፤ በጅማ የሚያልፈውን የአዌቱን ወንዝ መታጠፊያም አጥርቶ ያሳያል። የከተማዋ ሰፈር በቾ ቦሬ የት አብቅቶ ሌላው ሰፈር የት እንደሚጀምር፣ ነዋሪው የትኛውን መንገድ በምን ስም እንደሚጠራ፣ በክረምት የትኛው መተላለፊያ በጭቃ እንደሚዘጋ ግን ከሰማይ አይነበብም። ሉዊስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ሄርማታ በበጋ ወራት በደህና የገበያ ቀን እስከ 30,000 ሰው እንደምትስብ ጽፏል። ያን ሕዝብ ወደ ገበያው ያደረሰው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የመንገድ ዕውቀት ነው። ሉዶልፍ አባ ጎርጎርዮስን የፈለገበት ምክንያት ዛሬም አልተሻረም፤ የተለወጠው የሚለካበት መሣሪያ ብቻ ነው።

እንግዲህ ጅማን ወይም የጊቤን ምድር ለትምህርትም ሆነ ለጨዋታ በካርታ የሚሥል ወጣት ሦስት ነገር ይጠበቅበታል። መስፈርቱን ይጻፍ። የለካውን፣ ከሰው የሰማውንና ራሱ የፈጠረውን በምልክት ይለይ። ካርታውን ከማሳተሙም በፊት በሰፈሩ አድገው ላረጁ ሰዎች ያሳይ፣ የሚሉትንም ይመዝግብ። የኬላዎቹንና የድሮ ገበያዎቹን ቦታ በቃል የሚያውቁ አዛውንቶች በሕይወት እያሉ ይህ ሥራ ይጀመር።