«ወንዙን ተሻገረ»

ዛሬ ስለ ባሩድ ላወራችሁ ነው። አትደንግጡ፣ ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ባለፈው ሳምንት አንድ ተሳፋሪ ደላዌር፣ ዊልሚንግተን አደረስኩ። ባዶዬን ከምመለስ ብዬ ብራንዲዋይን ወንዝ ዳር ወዳለው የሃግሊ ሙዚየም ጎራ አልኩ። የዱፖንት ኩባንያ የተወለደው እዚያ ነው። ባሩድ መሥራትን ፈረንሳይ ውስጥ ከታላቁ ኬሚስት ከላቮዝዬ ዘንድ የተማረው ኢሬኔ ዱፖንት በ1802 ወፍጮውን እዚያ ተከለ።

እንደምታውቁት አገር ቤት ሳለሁ የሲሚንቶ ፋብሪካ መሐንዲስ ነበርኩ። የእኛ ወፍጮ በብረት ኳሶች የተሞላ ትልቅ በርሜል ነው። ቀስ ብሎ ከዞረ ኳሶቹ ይንሸራተታሉ፤ ከልክ በላይ ከፈጠነ ግድግዳው ላይ ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ። ልኩን ብታገኙት እንኳ አብዛኛው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ለሲሚንቶ ሙቀት ኪሳራ ነው። ለባሩድ ግን ሞት ነው።

ድሮ ባሩድ የሚወቀጠው በዘነዘና ነበር። አደጋው ሲበዛ እንግሊዝ በ1772 በሕግ ከለከለችው፤ ከባድ ጎማዎች እየተሽከረከሩ የሚፈጩበት ወፍጮ ተተካ። ብራንዲዋይንም በ1820ዎቹ ወደዚያው ዞረ። ፍትጊያው እሳት እንዳይጭር ዱቄቱን ውሃ ያርከፈክፉበታል። ውሃው ግን መልሶ መድረቅ አለበት። እናቶቻችን በርበሬ እንደሚያሰጡት ጠረጴዛ ላይ ፀሐይ ያስመቱት ነበር። በደረቀ ቁጥር ለብልጭታ የቀረበ ይሆናል። ስለዚህ የሠራተኛው ጫማ እንኳ የብረት ምስማር አልነበረውም።

ቀልቤን የሳበው ግን ሕንፃው ነው። ሦስቱ ግድግዳ ወፍራም ድንጋይ ነው፤ በወንዙ በኩል ያለው አራተኛውና ጣሪያው ደግሞ ሆን ተብሎ ስስ ነው። ቢፈነዳ ፍንዳታው ወደ ወንዙ እንዲወጣ፣ ጎረቤቱ ወፍጮ እንዲተርፍ። ውስጥ ያለው ሰውዬስ? ሠራተኞቹ እንዲህ የሞተውን «ወንዙን ተሻገረ» ይሉት ነበር።

በ1818 ብቻ ከ30 በላይ ሰው ተሻገረ። የባለቤቱ ቤት ከወፍጮዎቹ በላይ ኮረብታው ላይ ስለነበር ሚስቱም ቆሰለች፤ ልጁ አሌክሲስ በ1857 በፍንዳታ ሞተ። ወፍጮው በ1921 እስኪዘጋ ከ200 በላይ ሰው አልቋል።

ብዙዎቹ የአየርላንድ ስደተኞች ነበሩ። ደመወዛቸውን ኩባንያው ዘንድ እያጠራቀሙ ለወንድም፣ ለእህት የመርከብ ቲኬት ይከፍላሉ። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ እኛው ነን እኮ! ባሏ የሞተባት ጡረታና ቤት ይሰጣት ነበር። ደግ ነገር ነው፤ ግን ሂሳቡ አስቀድሞ የተሠራ መሆኑንም ያሳያል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እኛ ፋብሪካ በር ላይ የቀኑ ቶን በጠመኔ ይጻፍ ነበር። ያ ቁጥር እንዳይወርድ ሲባል የአንድ ማሽን መከለያ ተነሥቶ ሳይመለስ ከረመ። አንድ ልጅ እጁን አጣ። ሪፖርቱ «የሠራተኛው ጥንቃቄ ጉድለት» አለ። ከፈረሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ዱፖንት ቢያንስ ስሱን ግድግዳ በግልጽ ነው የሠራው፤ እኛ በወረቀት ሸፈንነው።

እስቲ እናንተም ንገሩኝ። መጋዘን፣ ሆስፒታል፣ መንገድ ላይ የምትውሉ፤ እናንተ ቤት አራተኛው ግድግዳ ወደ ማን ነው የዞረው?

ደህና እደሩ። የሌሊት ሾፌሮች፣ እንቅልፍ ሲመጣ ቁሙ።