አዳኝ ውሻና የበረት ውሻ በባሌ ደጋ

ስለ ባሌ የተጻፈውን ታሪክ ስናገላብጥ ስለ ፈረሱ፣ ስለ ከብቱና ስለ አውሬው ብዙ እናገኛለን፤ ስለ ውሻው ግን የምናገኘው ከአንድ ኹለት መሥመር አያልፍም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ውሻ በገበያ አይሸጥም፣ ግብር አይከፈልበትም፣ ለሙሽራም አይሰጥም። ይኹን እንጂ ከሮቤና ከጎባ ጀምሮ እስከ ሶፍ ዑመር ቆላ ድረስ ከብት ያለው ሰው ኹሉ፣ ውሻው በወለደች ጊዜ አንድ ነገር መወሰን አለበት። የትኛው ቡችላ ይቅር? የሚያሳድደው ወይስ በደጅ የሚተኛው? ጥያቄው ቀላል መስሎን ነበር የጀመርነው።

በመጀመሪያ የራሳችንን ስሕተት እናርም። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን በእንግሊዝኛው የንባብ መጽሐፍ ላይ በጎች የሚነዳ ውሻ ሥዕል እናይ ነበርና የእረኛ ውሻ ማለት ኹሉ እርሱ ይመስለን ነበር። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ያ ውሻ በጉን የሚነዳው አዳኝነቱ ተገርቶ ነው፤ ያሳድዳል፣ ያዞራል፣ አይነክስም። የመንጋ ጠባቂ የሚባለው ግን፣ ለምሳሌ የቱርኩ ካንጋል ወይም የፒሬኔ ተራራው ነጭ ውሻ፣ ከቡችላነቱ ጀምሮ ከበግ ጋር አድጎ በጉን እንደ ወንድሙ የሚያይ ነው። በፊቱ የሚሮጥ ነገር ልቡን ሊያነሣሣው አይገባም። አዳኙ ደግሞ፣ እንደ ዐረቦቹ ሳሉቂ፣ የሚሮጥ ነገር ሲያይ መቆም አይችልም። እንግዲህ ለአንዱ ምግባር የኾነው ለሌላው ነውር ነው።

በባሌ እንዲህ ዐይነት የተለየ ዘር የለም፤ ውሻው አንድ ነው፣ ሥራውን የሚለየው ጠባዩ ነው። ሮቤ ላይ የጠየቅናቸው አንድ አዛውንት ባለ ከብት እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ የሚያሳድድ ውሻ ዘመድ አያውቅም። ዛሬ ሚዳቋ ይከተላል፣ ነገ የጎረቤት ጥጃ። ጅብ ሲመጣ ደግሞ ሜዳ ላይ ነው እንጂ ቤት የለም።» የበረት ውሻ ዋና ሥራ ጅብን መግጠም አለመኾኑንም የሰማነው ከእርሳቸው ነው፤ መጮኽና ሰውን መቀስቀስ ይበቃዋል፤ የቀረው የጦርና የእሳት ሥራ ነው።

በአገሩ ስለ ውሻ ሲነገር ሃይማኖትን መተው አይቻልም። ባሌ የሼክ ሑሴንና የሶፍ ዑመር አገር ነው፤ የወይብ ወንዝ ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን ዋሻ የሰነጠቀበት ስፍራም ስሙን ያገኘው በዚያ ተጠልለው ይጸልዩ ነበር ከሚባሉት ሼክ ነው። በአካባቢው የጸናው የሻፊዒ መዝሀብ ውሻን እንደ ርኩስ ይቈጥራል፤ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። ይኹንና ሐዲሱ ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ የሚያዘውን ውሻ ለይቶ ይፈቅዳል፤ ያለዚህ ምክንያት ውሻ የሚያሳድር ግን ከመልካም ሥራው ዋጋ በየቀኑ ይጎድልበታል ይላል። እንግዲህ ኹለቱም ውሾች ተፈቅደዋል። ልዩነቱ አዳኙ ፈተና ያለበት መኾኑ ነው፤ የተማረ መኾን አለበት፣ ሲለቀቅም የእግዚአብሔር ስም ይጠራል፣ ከያዘው ከበላ ሥጋው አይበላም። የበረቱ ውሻ ይህ ኹሉ አይጠየቅም። በእኛ አስተያየት ድኻ ባለ ከብት ወደ ኋለኛው ቢያደላ አያስደንቅም። (በቁርኣን ስለ ዋሻው ሰዎች በተነገረው ታሪክ በዋሻው ደጃፍ እጆቹን ዘርግቶ የተኛው ውሻም ሲጠብቅ እንጂ ሲያድን አይታይም፤ ይህን ግን ለወግ ያህል አነሣነው እንጂ ማስረጃ አናደርገውም።)

አዳኙ ውሻ ግን በአንድ ጊዜ አልጠፋም። በኮሶውና በአስታው ጫካ ውስጥ የደጋ አጋዘንን ከተደበቀበት አውጥቶ ለጦረኛ የሚያቀርብ እርሱ ነበር። ይህ አጋዘን ለአውሮፓ ሊቃውንት የታወቀው ቡክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ በ1908 ገድሎ ከወሰደውና ሊዴከር በ1910 ስም ካወጣለት በኋላ ነው (ዓመቶቹ ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። የአገሩ ውሻ ከብዙ ዘመን በፊት ሽታውን ያውቀው እንደ ነበር መጠርጠር አይቻልም። በ1944 አደንን የሚገድብ ዐዋጅ ወጣ፤ በ1970 የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ አዳኝ ውሻ ማሳደር ወንጀለኛ ማሳደር ያህል ኾነ። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ጥበቃው ፈርሶ ብዙ አጋዘን አለቀ፤ የተረሳ የመሰለው ሙያ ለጥቂት ጊዜ ተመለሰ።

ስለዚህ የበረቱ ውሻ አሸነፈ እንል ነበር፤ ነገር ግን ጉዳዩ የከበደው እዚህ ላይ ነው። ባለ ከብቱ በጎዳንቱ ሥርዐት ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ውሻውም ይከተላል። ቀለቡ ጥቂት ነውና ጥንብና ጥራጊ ፍለጋ ይዞራል፤ እንዲህ ሲዞር ከቀይ ቀበሮ ጋር ይገናኛል። ቀይ ቀበሮ፣ ኦሮሞዎቹ «ጄዳላ ፈርዳ» የሚሉት፣ በመላው ዓለም ከ500 የማይበልጥ ሲኾን ከግማሹ በላይ የሚኖረው በባሌ ነው። ለበግ እምብዛም የማያሰጋ፣ በፍልፈልና በአይጥ የሚኖር አውሬ ነው። ቀን ለየብቻው ያድናል፤ ማለዳና ማታ ግን ከመንጋው ጋር ተሰብስቦ አፍ ለአፍ ይሳሳማል። ከውሻ የመጣ በሽታ መንጋውን ለመጨረስ ከዚህ የተመቸ መንገድ የለውም። በ1991 እና በ1992 የእብድ ውሻ በሽታ በወይብ ሸለቆ ከሚታወቁት መንጋዎች አብዛኛውን ፈጀ፤ በ2003 እንደገና ተነሣ። በ2006፣ በ2010 እና በ2015 ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ ገባ። ወንድ ውሾች ከሴት ቀበሮዎች ጋር ተዳቅለው ክልስ መወለዱም ታይቷል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባላል፤ በባሌ ግን ውሻው የቀደደው የጎረቤቱን አጥር ነው።

ውሻው ይቀነስ የሚሉ አሉ። እኛ ይህን አንቀበልም፤ ጅቡ አልቀነሰምና። ከ1996 ጀምሮ በየመንደሩ ውሾች ሲከተቡ ቈይተዋል፤ ይኹን እንጂ ቡችላ በየጊዜው ይወለዳል፣ ከቆላም ያልተከተበ ውሻ በየዓመቱ ይወጣል። ከ2018 ወዲህ ክትባቱ ለቀበሮው ለራሱ በአፍ ይሰጥ ጀምሯል። አስቀድሞ በተደረገው ሙከራ ከቀረቡት ማታለያዎች ቀበሮው የመረጠው የፍየል ሥጋ ነበር።

አዛውንቱን ስንሰናበት በደጃቸው አንዲት ውሻ አራት ቡችሎች ታጠባ ነበር። የትኛውን እንደሚያስቀሩ ጠየቅናቸው። «ገና ነው፤ ዶሮዋ በፊታቸው ስትሮጥ ልይ» አሉን።