ንባብና «አንድም»

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከአማኑኤል እስከ ቢቸናና ሞጣ በተዘረጋው አገር፣ «ዳዊት ደገመ» ማለት «መጽሐፉን አወቀ» ማለት አልነበረም። ሕፃኑ ፊደል ለይቶ፣ ተነሡንና ወዳቂውን ጠብቆ መዝሙሩን ከዳር እስከ ዳር ይዘልቀዋል፤ ግዕዙ የሚለውን ግን አይሰማም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በልጅነቱ የደረሰበት ይኸው ነው።

ምሥጢሩን የፈለገ ሌላ ደጅ ይጠናል። ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ በዲማ ጊዮርጊስ ወይም በሌላ ጉባኤ ቅኔና ሰዋስው ይማራል፤ ከዚያ በኋላ መጻሕፍት ቤት ይገባል። ተማሪው ግዕዙን ያነባል፣ መምህሩ በአማርኛ ይፈታል፤ ቀጥሎም «አንድም» እያለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፍች ያመጣል፣ ታሪክ ይጠቅሳል፣ ሐተታ ይጨምራል። ጥንቅቅ ያለ ሥርዓት ነው። ሆኖም ዓመታትን ይፈጃል፤ አርሶ ደብሩን የሚያበላው ገበሬ ለዚያ ጊዜ አልነበረውም። ከማዕዱ የሚደርሰው በአብዛኛው የዐውደ ምሕረቱ ስብከት ብቻ ነበር።

ይህን አጥር የነቀነቀው ደግሞ ራሱ ጎጃሜ ነው። አባ አብርሃም፣ ፈረንጆቹ አቡ ሩሚ የሚሏቸው፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ (እ.ኤ.አ.) ካይሮ ላይ ታመው ወድቀው ሳሉ የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል አስለን ደ ሸርቪል አስጠጋቸው። ሁለቱ ለዐሥር ዓመት ያህል፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በር ዘግተው ተቀመጡ። የዐረብኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር በቁጥር በዝግታ ያነባሉ፤ የከበደውን ቃል ትርጉም ይመረምራሉ፤ ዐረብኛው ሲያጠራጥር ወደ ዕብራይስጡ፣ ወደ ሱርስቱና ወደ ጽርዑ ይመለከታሉ። ከዚያ አባ አብርሃም በአማርኛ ይጽፋሉ። በእጃቸው የጻፉት 9,539 ገጽ ደረሰ።

እርሳቸው ግን የድካማቸውን ፍሬ በኅትመት አላዩም፤ ካይሮ ላይ በወረርሽኝ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1820 ዊልያም ጆዌት ጽሑፉን ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛ። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ መላው መጽሐፍ በ1840 ለንደን ላይ ታተሙ። በአገራችንም በ1954 ዓ.ም. አዲሱ የአማርኛ ትርጉም ወጣ። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ፊደልን ወደ ጎጆው አስገባ።

እንግዲህ ገበሬው በገዛ ልሳኑ ብቻውን ማንበብ ቻለ። ይሁንና ከጉባኤው ጋር አንድ ነገር የቀረ ይመስለኛል፤ እርሱም ጥያቄው ነው። አማርኛ ስለሆነ ብቻ የገባን እየመሰለን፣ ዳዊት እንደ ደገምንበት አኳኋን ወንጌሉንም እንደግመዋለን። (በውይይት ክበብ በራሪ ጽሑፍ ያነበነቡም ይህን በሽታ ያውቁታል።)

የመጻሕፍት ቤቱን ልማድ ለግል አንባቢ ማቅለል ግን አይገድም። አንዲት ክፍል ድምፅ አሰምቶ ማንበብ፣ በራስ ቃል መልሶ መናገር፣ ማን ለማን ለምን እንዳለው መጠየቅ፣ የመጀመሪያው መልስ ሲገኝም መጽሐፉን ሳይዘጉ «አንድም» ማለት። የዘሪውን ምሳሌ እንውሰድ። የቢቸና አራሽ ጭንጫ መሬት ምን እንደሆነ ከማናችንም ይልቅ ያውቃል፤ እሾኹንም በእጁ ነቅሎታል። ስለዚህ ጭንጫው ልብ ነው ቢሉት ይቀበላል፤ ቀጥሎ ግን ዘሪው ጭንጫ መሆኑን እያየ ስለ ምን ዘራበት ብሎ ይጠይቃል።