ድሩን ማን ፈተለው?
የቤት ፈትልና የእጅ ሥራ ስጦታ በኢትዮጵያ ታሪክ

የሀገራችን የልብስ ታሪክ በተነገረ ቁጥር አስቀድሞ የሚነሣው የለባሹ ማንነት ነው። ጃኖ የደረበው መኰንን፣ ካባ የተሸለመው የጦር አዝማች፣ ነጭ ኩታ የተጐናጸፈው ሊቅ በዜና መዋዕሉም ሆነ በግድግዳ ሥዕሉ ላይ ቦታ አላቸው። ከለባሹ ቀጥሎ፣ በንቀት ስምም ቢሆን፣ ሸማኔው ይወሳል። ከሸማኔው መወርወሪያ በፊት ግን ወራት የፈጀ ሌላ ሥራ አለ። ጥጡን ዳምጣና አባዝታ፣ ድሩንና ማጉን በእንዝርቷ ያወጣችው ሴት በታሪክ መዝገብ ውስጥ እምብዛም አትገኝም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የሥራዋ ውጤት አብዛኛው ወደ ገበያ ሳይወጣ በቤተሰብ መካከል በስጦታ መልክ መተላለፉ ነው። ገበያ ላልደረሰ ነገር ዋጋ አይተመንለትም፤ ዋጋ ያልተተመነለት ድካምም እንደ ሥራ ሳይቈጠር ይቀራል። የቤት ፈትል፣ የስፌትና የእጅ ሥራ ስጦታ ታሪክ እንደገና መመርመር የሚኖርበትም ስለዚህ ነው።

ከአዱሊስ እስከ ዓድዋ

በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ይገቡ ከነበሩት ሸቀጦች መካከል ከግብፅ የሚመጡ ልብሶችንና ከሕንድ የሚመጣ የጥጥ ጨርቅን ይዘረዝራል። ይህም የአክሱም ገበያ ለጥጥ ጨርቅ እንግዳ እንዳልነበረ ያስረዳል። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስጻፈው የድንጋይ ጽሑፍ፣ ሠራዊቱ ካጠፋቸው ነገሮች መካከል የእህልና የጥጥ ማከማቻዎች ይገኙባቸዋል። ጽሑፉ የሚናገረው ስለ ተወጋው አገር ሀብት ቢሆንም፣ ጥጥ ከእህል ጋር አብሮ መጠራቱ የዘመኑ ሰው ጥጥን ከቀለብ ተራ ያስገባው እንደነበር ያመለክታል።

ከብዙ ዘመናት በኋላ፣ በ1769 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዓድዋን ያየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ከተማይቱ ወፍራም የጥጥ ሸማ የሚሠራባት መሆኗንና ይኸው ሸማ በሀገሪቱ ውስጥ በብር ገንዘብ ምትክ ይዘዋወር እንደነበር ጽፏል። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ገንዘብ ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው እያንዳንዱ ሸማ አስቀድሞ በሴት ጣቶች መካከል ክር ሆኖ አልፏል። የሀገሪቱ መገበያያ ከፊሉ የተሠራው በእልፍኝና በማጀት ውስጥ፣ ደመወዝ በማያውቁ እጆች ነበር ማለት ነው።

የእንዝርት ሥራ

ጥጥ ከተለቀመ በኋላ ፍሬው በመዳመጫ እየተዳመጠ ይለያል። የተዳመጠው ጥጥ በደጋን እየተነደፈ ይባዘታል፤ ባዘቶውም እየተጠቀለለ አመልማሎ ይሆናል። ፈታይዋ አመልማሎውን በአንድ እጇ ይዛ፣ እንዝርቷን በሌላው እያሾረች ክሩን ትስባለች። ለድር የሚሆነው ክር በሸማኔው ዕቃ ላይ መወጠርን እንዲችል ከረር ብሎ ይፈተላል፤ ለማግ የሚሆነው ለስለስና ላላ ይላል። ይህን ልዩነት በዓይን ሳይሆን በጣት መለየት የብዙ ዓመት ልምድ ውጤት ነው።

ፈትል ለብቻው ጊዜ የተሰጠው ሥራ አልነበረም። ከወፍጮው፣ ከውኃው፣ ከእንጨቱ፣ ከምጣዱና ከልጅ እንክብካቤ የተረፈው ሰዓት ነበር የፈትል ሰዓት የሚባለው። ቀን በቤት ጥላ ሥር፣ ማታ በምድጃ ብርሃን ዙሪያ እንዝርቱ ይሾር ነበር። በሰንበትና በታላላቅ በዓላት እንዝርት አይነካም። ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ስለሆነ ከነጠላና ከኩታ ይልቅ ብዙ ፈትል ይፈልጋል። በመሆኑም የአንድ ጋቢ ልቃቂት በሙዳይ ውስጥ ሲጠራቀም ወራት ያልፉ ነበር፤ አንዳንዴም ይከርም ነበር።

ክሩ ሲሞላ ወደ ሸማኔው ቤት ይወሰዳል። ሸማኔውም የእጁን ዋጋ በእህል ወይም በገንዘብ ይቀበላል። የሸማ ዋጋ ሲነገር የሚሰላው ይኸው ክፍያ ነው። ፈታይዋ ግን ለወራት ድካሟ የምታገኘው «ባለሙያ ናት» የሚል ምስጋና ነበር። ምስጋናው ከልብ ቢሆንም ከማጀት አልፎ አይሄድም።

መርፌና ወስፌ

በአማርኛ «ስፌት» የሚለው ቃል ሁለት ሙያዎችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው ጨርቅን በመርፌና በክር መስፋት ነው። ሁለተኛው አክርማንና ስንደዶን በወስፌ እየሰፉ መሶብ፣ ሰፌድና ሙዳይ ማበጀት ነው። በደጋው አገር ልማድ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ መርፌው የወንድ፣ ወስፌው የሴት ነበረ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡ የውጭ አገር ተጓዦች፣ ወንዶች ልብስ ሲሰፉና በእንዶድ ሲያጥቡ በማየታቸው መገረማቸውን ጽፈዋል፤ በእነርሱ አገር ይህ የሴት ሥራ ነበርና።

ይህ የሥራ ክፍፍል በአንዲት ከተማ ውስጥ ጐላ ብሎ የሚታየው በሐረር ነው። በጀጐል ግንብ ውስጥ ባሉት ቤቶች ግድግዳ ላይ ተደርድረው የሚታዩት ባለ ቀለም ስፌቶች የሴቶች እጅ ሥራ ናቸው። ልጃገረድ ሙያውን የምትማረው ከጋብቻዋ በፊት ነው፤ ወደ አዲሱ ቤቷ ስትገባም የእጇ ሥራ አብሯት ይገባል። ከቤቱ ውጭ ደግሞ የልብስ ሰፊዎች መንገድ አለ። ሕዝቡ ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የተነሣ «መኪና ግርግር» ብሎ ሰይሞታል። በመኪናዎቹ ላይ ተቀምጠው ለገንዘብ ሲሰፉ የኖሩት ወንዶች ናቸው። ስፌት የሚለው ስም አንድ ሲሆን፣ በውስጥ በኩል ጌጥና ስጦታ፣ በውጭ በኩል መተዳደሪያ ሆኖ ተከፍሏል።

የእጅ ሙያ በገበያ ሲውልም ክብር አላገኘም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ፣ ብረት የሚሠራውን «ጠይብ»፣ ሸማ የሚሠራውን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ ማዋረድን ከልክለዋል። የዘመናት ንቀት በአንድ አዋጅ አልጠፋም፤ ቢሆንም ጉዳዩ ከመንግሥት ጆሮ መድረሱ በራሱ አንድ እርምጃ ነበር። ሸማኔው ይሰደብ እንጂ ሙያው ስም ነበረው፤ ክፍያም ነበረው። ፈታይዋ አልተሰደበችም፤ አልተከፈላትምም።

በፈቃድ የተሰጠ ድካም

በባላባታዊው ሥርዓት የጭሰኛ ሚስት ለባለ ርስቱ ቤት እንድትፈጭና እንድትፈትል የምትገደድበት ልማድ ነበር። ከራሷ ቤት ፈትልም አንዳንዱ ለጨውና ለበርበሬ መግዣ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ለቤተሰብ የሚሆነው ነው። የእጅ ሥራ ስጦታ ታሪካዊ ትርጉምም ከዚህ ላይ ይገኛል። ሴቲቱ መሬቱን አታዝበትም፤ በምርቱም ላይ ቃሏ የተወሰነ ነው። በእንዝርቷ ያጠራቀመችውን ልቃቂት ለማን እንደምታለብሰው ግን የምትወስነው ራሷ ነበረች። ከድካሟ ሁሉ በራሷ ፈቃድ የምታድለው ክፍል ይህ ነበር።

ስጦታውም የሰውን ዕድሜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከተላል። ለተወለደው ሕፃን ያረጀና የለሰለሰ ነጠላ ተቀዶ መጠቅለያ ይሆናል። ለምትዳረው ልጅ መሶቡና ሰፌዱ ከዓመታት በፊት ይጀመራል። ለትምህርት ወይም ለውትድርና ርቆ ለሚሄደው ወንድ ልጅ ጋቢ ይሰናዳል፤ ቀን ልብስ፣ ሌሊት አልጋ የሚሆነው ይኸው ነው። ለሸመገለው አባት ቡልኮ ይደረብለታል። ለበዓል የሚሆነው ደግሞ የራሱ ቀነ ገደብ አለው፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት የተወለደው ሌሊቱን ሲፈትሉና ሲያሰፉ ካደሩ ቤቶች ነው። ሐዘን ሲመጣ ያው ነጠላ ይዘቀዘቃል። በብዙ ቤትም አረጋውያን ለመግነዛቸው የሚሆነውን ነጭ ሸማ አስቀድመው አሰናድተው ያስቀምጡ ነበር። መጻፍ ያልተማረች እናት ለራቀው ልጇ የላከችው ጋቢ ደብዳቤዋም ጭምር ነበረ።

ይሁን እንጂ ስጦታውን በማወደስ ጫናውን መሸፈን አይገባም። ልጃገረድ በፈትሏ ቅጥነትና በስፌቷ ጥራት ትመዘን ነበር። እጇ ያልፈጠነላት በአማት ፊት ታፍራለች። ፊደል እንድትቈጥር ጊዜ ያልተሰጣት ልጅ ለእንዝርት ጊዜ አልጠፋላትም። በአንዱ ጋቢ ውስጥ ፍቅሩም ግዴታውም አብረው ተሸምነዋል። ታሪክ ጸሐፊውም ሆነ ባለ ቅኔው ሁለቱን ለያይቶ አንደኛውን ብቻ ቢያሳይ እውነቱን ያጐድላል።

መርፌው እጅ ሲለውጥ

በሀያኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቤት ውስጥ ስፌት መልክ ተለወጠ። የስፌት መኪና ተስፋፋ፤ «ሲንጀር» የሚለው የፋብሪካ ስም በሕዝብ አፍ የመኪናው ስም እስኪመስል ድረስ ታወቀ። በ1931 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤትን የመሳሰሉ ተቋማት መርፌን ከመጽሐፍ ጋር ለልጃገረዶች አቀረቡ። ጥልፍ፣ ሹራብና በኪሮሽ የሚሠራው ዳንቴል በከተማ ቤቶች ውስጥ ተለመዱ። የትራስ ልብሱ፣ የጠረጴዛው ዳንቴል፣ የሬዲዮው መሸፈኛ ሳይቀር የእናት ወይም የእኅት እጅ ሥራ ሆነ። በደጋው ልማድ የወንድ የነበረው መርፌ በዚህ ሁኔታ በሁለት ትውልድ ውስጥ የሴትም ሆነ።

የመርፌው ሥራ ከቤተሰብም አልፎ ሄዷል። በ1935 እ.ኤ.አ. የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ሲቃረብ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር አባላት ለዘማቹ ፋሻና ልብስ አዘጋጅተዋል። ለልጅና ለባል ይሰፋ የነበረው እጅ ለማያውቀው ወታደር ቍስል መጠቅለያ ሰፋ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት የመከራ ዓመታት ደግሞ የስጦታው አቅጣጫ ተገለበጠ። ከቤት ወደ እስር ቤት ስንቅ ሲገባ፣ ከእስር ቤት ወደ ቤት እስረኞቹ የሠሩት ሹራብ፣ ዳንቴልና ጥልፍ ይወጣ ነበር። ከዚያ የወጣች አንዲት የሕፃን ሹራብ ለቤተሰብ የምታበሥረው አንድ ነገር ነው፤ የሠራት እጅ በሕይወት አለ።

ፋብሪካው፣ ገበያውና የዛሬው ጥያቄ

የውጭ ጨርቅ ውድድር አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገባው አቡጀዲድ ርካሽና ጠንካራ ስለነበረ በየገበያው ተወደደ። ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ ከውጭ የሚመጣው ጨርቅና ክር በረከተ። በወረራው ዘመን በ1939 እ.ኤ.አ. የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ተተከለ፤ በኢጣሊያ የጦር ካሣ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ደግሞ በ1961 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ለሚሊዮኖች ልብስ መድረሱ ታላቅ ጥቅም ነበር። የእጅ ፈትልም ወዲያው አልሞተም፤ ከፋብሪካው ጋር ተቀላቀለ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከጋሞ ደጋ መጥተው በአዲስ አበባ የሰፈሩት የዶርዜ ሸማኔዎችና በሽሮ ሜዳ አካባቢ የሚሠሩት ባልደረቦቻቸው ድሩን ከፋብሪካ፣ ማጉን ከእንዝርት አድርገው መሸመን ልማድ አደረጉ።

ዛሬ ፈታይዋ ክሯን ለገበያ የምታቀርብበት ሁኔታ አለ። ክፍያው ግን ከድካሙ ጋር አይመዛዘንም። ከዚህም በላይ በውጭ አገር ፋብሪካ ጥለት መስሎ የታተመ ጨርቅ በርካሽ ይሸጣል፤ ፈታይዋንም ሸማኔውንም ጥለት አውጪውንም በአንድ ጊዜ ከገበያ ያስወጣል። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በጅዳ ለሚኖር ልጅ በሻንጣ ተጠቅልሎ የሚሄደው ጋቢ እናት የፈተለችው መሆኑ እየቀረ፣ እናት ከሱቅ የገዛችው እየሆነ ነው። መግዛቷ አያስነቅፋትም፤ ፍቅሯም አልቀነሰም። የሚያሠጋው ጣቷ የሚያውቀውን ከእርሷ የሚቀበል ሰው መጥፋቱ ነው። ድርን ከማግ በጣት የመለየት ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ከአንዲት ሴት ወደ ሌላዋ ካልተላለፈ ከባለቤቷ ጋር ይቀበራል።

መፍትሔው ሴቶችን ወደ ምድጃው ዳር መልሶ እንዝርት ማስጨበጥ አይደለም። ያን ኑሮ ያወቁት እናቶች ራሳቸው ለሴት ልጆቻቸው አይመኙትም። ሊደረግ የሚገባው ሌላ ነው። ፈትል ሙያ ነውና ለሚፈትሉት ተገቢ ክፍያ ይተመንላቸው። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ አያቶቻቸው ልከው አመልማሎ እንዴት እንደሚጠቀለል፣ ልቃቂት እንዴት እንደሚጠራቀም ያስመዝግቡ። ሠዓሊውና ጸሐፌ ተውኔቱ ሸማውን በመድረክና በሸራ ላይ ሲያወጡ የእጁን ሥራ ያስቡ። ጋቢና መሶብ ለሙዚየም የሚሰበስብ ሰው የመጣበትን አውራጃና ዓይነቱን ብቻ ሳይሆን፣ ማን እንደ ፈተለው፣ ማን እንደ ሸመነው፣ ለማን እንደ ተሰጠ ጠይቆ ይጻፍ። ጥያቄው ቀላል ነው፤ መልሱን የሚያውቁት ግን በየዓመቱ እያነሱ ናቸው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባል በየስብሰባው ሲነገር ኖሯል፤ ወደፊትም ይነገራል። ይህን የሚናገር ሁሉ ድሩን ማን እንደ ፈተለው የማወቅ ዕዳ አለበት።